ሳንዲያጎ የሄደው አባቴ

«እስካሁን አልነገሯትም እኮ! ሰውዬው አፈር ከለበሱ ዘጠኝ ቀናቸው፣ እሷ እዚያ ተራራ ላይ እሳቷን ታጠፋለች። ነገ ጠዋት ነው አሉ የሚያረዷት። ጋሼ ሀቢብ ናቸው ቀኑን የቆረጡት።»

ይህን የሰማሁት ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ጋሼ ሀቢብ ራሳቸው በከፈቱት ሱቅ ውስጥ፣ ከቅመም መደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ነው። ተናጋሪዋ የምሥራች ናት፣ ገንዘብ ተቀባይዋ። ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሰክታ በርበሬ በላስቲክ እየመዘነች ታወራለች፤ እኔ በጓሮ በር ከፓርኪንጉ መግባቴን አላየችም። እኔ ደግሞ አንድ ከረጢት አብሽ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ለአባቴ። ስኳሩ ዓይኑን ከወሰደበት ወዲህ አባቴ በባዶ ሆዱ አብሽ ካልጠጣ የነጋ አይመስለውም። ወሬውን ስሰማ፣ አላህ ያውቃል፣ መጀመሪያ በልቤ ያልኩት «ምስኪን! የማን ልጅ ትሆን?» ነው። ተራራ ላይ እሳት የምታጠፋ ሐበሻ ሴት በዚህ ከተማ ስንት አለች? ምስኪኗ እኔው ነኝ። አብሹን መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ደግሞ አነሳሁት። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም።

ስሜ ኸውላ ነው፣ ዕድሜዬ ሠላሳ አራት። ሥራዬን ዘመዶቼ እንኳ በቅጡ ስለማያውቁት ልናገረው። የጫካ እሳት የምታጠፋ የአንዲት ኢንጂን አለቃ ነኝ። ኢንጂን የምንላት ውሃና ቱቦ ተሸክማ አቀበት የምትወጣ ከባድ መኪና ናት፤ ከእኔ በታች አራት ሰው አለ፣ ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ፈረንጆች። ሥራው ሲዝናል ነው። በግንቦት ይቀጥሩኛል፣ በኅዳር «ቴንክ ዩ» ብለው ይሸኙኛል፣ ብርዱን ኡበር ድራይቭ እያደረግሁ አሳልፍና በግንቦት እንደ አዲስ ሰው እንደገና ፎርም እሞላለሁ። ስምንት ዓመት እንደዚህ። እሳት ሲነሳ አሥራ አራት ቀን ተራራ ላይ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ረፍት። ዛሬ ረቡዕ የረፍቴ የመጀመሪያ ቀን ነው። ገና ሳይነጋ ተነስቼ፣ ፀጉሬ ጭስ ጭስ እየሸተተ ወርጄ፣ ቤት ከመግባቴ በፊት ለአባቴ አብሽ ልግዛ ብዬ ነው የቆምኩት። ጎሽ ኸውላ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ወደ ገንዘብ መቀበያው ሄጄ አብሹን አስቀመጥኩ። የምሥራች ስታየኝ ስልኩ ከትከሻዋ ተንሸራቶ በርበሬው ውስጥ ወደቀ።

«ኸውልዬ! መቼ ወረድሽ?»

«ስንት ነው?»

«ተይው፣ ዝም ብለሽ ውሰጂው።»

ይህ ሱቅ በስምንት ዓመት ውስጥ አንዲት ማስቲካ በነፃ ሰጥቶኝ አያውቅም። «መቼ ነው የሞተው?» አልኳት።

«በጌታ፣ እኔን አትጠይቂኝ!» እንባዋ መጣ። የምሥራች ጴንጤ ናት፣ መዋሸት አትወድም፤ መናገር ደግሞ እንጀራዋን ያሳጣታል። «ጋሼ ሀቢብ ከሥራ ያባርሩኛል። እሑድ ሌሊት አረፉ፣ ሰኞ ተቀበሩ። አራት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ነበር፣ ልባቸው ነው አሉ። ኦኬ? ሌላ አትጠይቂኝ።»

«ከእኔ ሌላ ያልሰማ ማን አለ?»

«ማንም» አለች።

ማንም! ፌርፋክስ በሞላ፣ ፓርኪንግ አስከፋዩ ሳይቀር፣ ጋርዴና በሞላ፣ ሆሊውድ ያሉት የአባቴ የመስጊድ ጓደኞች በሞሉ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ሰው ብቻ ተለይቶ። ልጮህ አፌን ስከፍት የምሥራች ፊት ከለከለኝ። አራት ዓመት ሆነው፤ የእሷ እናት አዲስ አበባ ሲሞቱ ጋሼ ሀቢብ ጠሩኝና «አንቺ እሳት የለመድሽ ነሽ፣ ፊትሽ አይነበብም፤ እስክናረዳት ድረስ ከአጠገቧ አትጥፊ» አሉኝ። ሁለት ቀን አብሬያት ተኛሁ። ፊልም አሳየኋት፣ ጥፍሯን ቀባኋት፣ በሳቅ አፈረስኳት። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ጋሼ ሀቢብ ሃያ ሰው አስከትለው ሲያንኳኩ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። አሁን የምሥራች አብሹን በላስቲክ እየጠቀለለች «ታውቂያለሽ፣ ያን ጊዜ ዓመት ሙሉ ጠልቼሽ ነበር» አለችኝ። በክፋት አይደለም የተናገረችው። «አንቺ ነገርሽኝ አልልም» ብያት ወጣሁ።

ፒካፕ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ላለቅስ ፈልጌ እንባው እምቢ አለኝ፤ የመጣልኝ ንዴት ነው። በየማታው ሲግናል ካለበት ሸንተረር ላይ እየወጣሁ ቤት እደውል ነበር። ወንድሜ ሱሀይል ያነሳል። «አባባስ?» እለዋለሁ። «ተኝቷል።» በማግሥቱ፣ «ጉሮሮውን ይዞት ድምፁ ጠፍቷል፣ አታስወሪው።» በማግሥቱ፣ «መስጊድ ሄዷል።» እኔም አመንኩ! ነፋስ ሲዞር በጉንጬ የማውቅ ሴት፣ አራት ሰው ግቡ ስል የሚገባልኝ ውጡ ስል የሚወጣልኝ፣ የገዛ ወንድሜን ድምፅ ማንበብ አቃተኝ። ሰኞ፣ እሱን በሚቀብሩበት ሰዓት፣ ኢንጂኗ ላይ ተቀምጬ የታሸገ ቱና እየበላሁ ከልጆቹ ጋር እስቅ ነበር። ያን ቀን ጭሱ ከተማው ድረስ ወርዶ ነበር። ሱሀይል አባቱን አፈር ሲያለብስ ቀና ቢል የእኔን ጭስ ያይ ነበር። የሁለት ሰዓት መንገድ! ባሕር አይሻገሩ፣ ቪዛ አይጠይቁ። የሁለት ሰዓት መንገድ!

ወደ ጋርዴና፣ ወደ ሱሀይል ቤት ስነዳ አንድ ነገር ወሰንኩ። ነገ በንጋት ሰው ተሰብስቦ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ደግፎኝ መስማት አልፈልግም። ዛሬ፣ ከወንድሜ አፍ፣ ለብቻችን። ዓይኔን እያየ ይንገረኝ። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ፦ አባቴ ጠይቆኝ ነበር ወይ? በዚያ አራት ቀን ውስጥ ኸውላ የት ናት ብሎ ነበር ወይ? ይህን ብቻ ይመልስልኝና ሌላውን ሁሉ ይቅር እለዋለሁ አልኩ።

ሱሀይል ታላቄ ነው። ከሚስቱ ከኢሕሳንና ከአባቴ ጋር ሁለት መኝታ ቤት በሦስት ሺህ አንድ መቶ ተከራይቶ ይኖራል፤ ከጀርባ ቀኑን ሙሉ ብረት የሚቆርጥ ፋብሪካ አለ፣ መስኮት ሲከፈት ጥርስ ያማል። ማንም ባይነግረኝ ኖሮ እንኳ ለቅሶ ቤት መሆኑን ከውጭ አውቀው ነበር። ነጫጭ የላስቲክ ወንበሮች ከቆሻሻ በርሜሎቹ ጀርባ ተደራርበው ሸራ ለብሰዋል። የታሸገ ውሃ በረንዳው ላይ እስከ መስኮቱ ተቆልሏል። ኢሕሳን በሩን ከፍታ አቀፈችኝና አልለቅ አለች። «ጠቆርሽ፣ ከሳሽ» አለች ለትከሻዬ። ፊቴን አላየችም፤ ቀኑን ሙሉ አንዴም ፊቴን አላየችም፤ እኔ እንባ ይዟት ነው ብዬ ነበር። አክስቴ እትዬ ፋጡ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ሁለት ፈረንጆች ኬክ ይጋግራሉ፤ እትዬ ፋጡ የእንግሊዝኛ ነገር አንድ ቃል አይሰሙም። ቤቱ ዝም እንዳይል ለእኔ ሲባል የተከፈተ ነው። ሱሀይል ከኩሽና ወጥቶ ጉንጬን ሳመኝ፣ ጢሙ አድጓል።

«አባባስ?» አልኩ፣ ጫማዬን ሳልፈታ።

«ሳንዲያጎ ነው» አለ ሱሀይል ቶሎ ብሎ። «ዳኛቸው ጋ። አየር ልለውጥ አለ፣ ሶ፣ እሑድ ወሰድኩት።»

እሑድ! ከሰባቱ ቀን መርጦ መርጦ የሞተበትን ቀን ያዘ። ዳኛቸው የአጎታችን ልጅ ነው፤ እኛ ኸውላና ሱሀይል፣ እሱ ዳኛቸው፤ ወሎ አይደል አገሩ፣ ስም በአንድ ቤት ውስጥ እንደፈለገ ይሄዳል። «ልደውልለታ» አልኩ። ስልኩን ረስቶ ሄደ ተባልኩ። «መኝታ ቤቱ ለምን ተዘጋ?» ስል ደግሞ እትዬ ፋጡ ተቀበሉ፦ «ቀለም ተቀብቶ ነው ልጄ፣ ይሸታል።» አንዱ ውሸት ሲደክመው ሌላው ከሥሩ ይገባለታል። እኔ ሥራ ላይ አራት ሰው እንደዚህ ተናቦ እንዲሠራልኝ ስንት ወር አስተምሬያለሁ።

ምሳ ቀረበ። ቅቅሉ፣ ጥብሱ፣ ሩዙ፣ ሳምቡሳው፣ ለሦስት ቤት የሚበቃ። የጋሼ ሀቢብ ሕግ ነው፤ መርዶ የሚጠብቀው ሰው በዋዜማው ጠግቦ መብላት አለበት፣ በደንብ መተኛት አለበት፣ የመኪና ቁልፉ መደበቅ አለበት። «በእኔ እጅ ተረድቶ ወድቆ የተሰበረ ሰው የለም» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። እትዬ ፋጡ እያጎረሱኝ «ብዪ፣ ብዪ፣ አጥንትሽ ወጣ» ይላሉ። በላሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ርቦኝም ነበር። ስለ እንቁላል ዋጋ ተወራ። ስለ ቤንዚን ተወራ፣ አምስት ከሰባ ገባ። የጎረቤቱ ሜክሲኳዊ ውሻ ወለደች ተባለ። ከዚያ ወሬው አለቀና አራታችንም ኬኩን ማየት ጀመርን። ኬኩ ተነፈሰባቸው፣ ፈረንጆቹ ሳቁ። ቁልፌን ካስቀመጥኩበት ጠረጴዛ ላይ ባየው የለም።

የተዘጋውን በር እያየሁ ስለ አባቴ አሰብኩ። ከዚህ ቤት ሰው ሥራዬን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሲጠይቅ «ለመንግሥት ነው የምትሠራው» ይባላል፣ ነገሩ እንዲድበሰበስ። እትዬ ፋጡ በየረመዳኑ «እስከ መቼ ነው ከወንድ ጋር ጫካ የምታድሪው፣ አርፈሽ አታገቢም?» ሲሉኝ አባቴ ነው «የማንን ሥራ ነው የምታስተዊያት? አራት ፈረንጅ የምታዝ ልጅ ያለው ሰው አሳዪኝ» የሚላቸው። ዓይኑ ጨልሞ ሥራዬን ግን በጆሮው ይከታተል ነበር። በየማታው ስደውል ደህና ነሽ ወይ አይለኝም፤ «እሳቱ ዛሬ ስንት ፐርሰንት ታጠረ?» ነው የሚለኝ። ነፋሱ ከየት ነው? ልጆቹ በልተዋል? አሥር በመቶ ታጠረ ስለው ያዝናል፣ አርባ ስለው ለመስጊድ ጓደኞቹ ሁሉ ይደውላል። ሽማግሌ ሰው ስለ ጫካ እሳት ፐርሰንት የሚያወራበት መስጊድ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ተነስ እንሂድ» አልኩት ሱሀይልን።

«የት?»

«ሳንዲያጎ። አባባን ላየው። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ ቁልፌ ጠፍቶኛል፣ በአንተ ቫን እንሂድ።»

እትዬ ፋጡ ቁራጭ ሥጋ እንደያዙ ቀሩ። ኢሕሳን ወደ ኩሽና ሄደች። ሱሀይል ትራፊክ አለ አለ፤ ይኑር አልኩ። ደክሞሻል አለ፤ መኪና ውስጥ እተኛለሁ አልኩ። አሁን ይናገራል ብዬ ወንበሬን ወደ እሱ አዞርኩ። ወንድሜ ግን መታጠቢያ ቤት ገባ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ ከውሃው ድምፅ ሥር «ዳኛቸው... ዳኛቸው ስማኝ» ሲል ሰማሁት። ወጥቶ ፊቱን በፎጣ እያበሰ «ኦኬ፣ እንሂድ» አለኝ። ጉድ በል! ይነግረኛል ያልኩት ሰው የሞተ አባቱን ሊያስጎበኘኝ ቁልፍ አነሳ።

በፎር-ኦ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ያዝነው። ቫኑ ሰው ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስበት ነው፣ ከኋላ አሥር ባዶ ወንበር ይንቋቋል። ዳኛቸው ሳይጠቀስ አምስት ደቂቃ አላለፈም፤ አዲስ ሶፋ ገዝቷል፣ ሚስቱ ነርሲንግ ልትጨርስ ነው፣ አባባ እዚያ ሲሄድ እንዴት እንደሚደሰት። በሌለ ነገር ላይ ይህን ሁሉ ቤት መሥራት እንዴት ቻለ? ሎንግ ቢች አለፈ። ኧርቫይን አለፈ፣ መንገዱ ተጨናነቀ፣ ተከፈተ። ይዞርበታል ባልኩት መውጫ ሁሉ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ይህ ሰው ሳንዲያጎ ድረስ ይነዳል፣ ዳኛቸው በር ላይ «አሁን ወደ ላስ ቬጋስ ወጡ» ይላል፣ እኔም እሺ ካልኩ ላስ ቬጋስም ይወስደኛል። አንዲት ቃል ከመናገር ኔቫዳን ማቋረጥ ይቀለዋል። እንዲቀለው አስቤ እኔ ጀመርኩለት።

«ብራያን የሚባል ልጅ አለኝ፣ ቱቦ የሚይዝልኝ» አልኩት። «በሐምሌ ሌላ እሳት ላይ ሳለን እናቱ ወደቀች የሚል በሬዲዮ መጣልኝ። እዚያው ከመስመሩ አወጣሁት፣ ትከሻውን ይዤ ነገርኩት። ከሰማሁበት ደቂቃ እስከ ወረደበት አርባ ደቂቃ ነው። ደረሰላት። እጁን ይዛ ነው የሞተችው።»

ሱሀይል መንገዱን ያያል። «ሥራውስ?» አለኝ።

«ምን ሥራው?»

«አላባረሩትም?»

«በሳምንቱ ተመለሰ። ማን ያባርረዋል?»

«ሲዝናል አይደለም እንዴ?»

«እንደ እኔው ሲዝናል ነው።»

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ለምን እንደጠየቀ ገብቶኛል። እናታችን ደሴ ስትሞት ሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቆ ሆሊውድ ከሚሠራበት የሆቴል ፓርኪንግ አባረውታል፤ ያን ብርድ ሁሉ ሦስታችን በእኔ ኡበር ነው የኖርነው። ከዚያ ወዲህ ሱሀይል ፈቃድ የሚባል ነገር በአሜሪካ የለም ብሎ ያምናል። አሁን መኪና እየነዳ፣ ከፊቱ ያለችውን የጭነት መኪና እያየ፣ ሒሳቡ ተሳስቶ እንደነበር አወቀ። ማወቁን ከአንገቱ አየሁ። እንዲህም ሆኖ አልተናገረም። ሳን ክሌመንቴ ስንደርስ ቤንዚን ልቅዳ ብሎ ወጣ።

ቤንዚን ማደያው ከባሕሩ በላይ ነው። ሱሀይል ወርዶ ቱቦውን ሰካና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጥሩ ሲሮጥ ማየት ጀመረ። ወረድኩ። ቀኑን ሙሉ ጠብቄዋለሁ፣ ከዚህ በላይ መጠበቅ አቃተኝ።

«ሱሀይል» አልኩት፣ «አባባ ሞቷል።»

ለቀባሪው አረዱት ይላል ሰው፣ የሚያውቁትን ሲነግሩት ለማላገጥ። እኔ ግን በእውነት ቀባሪውን አረዳሁት። «ውይ አባቴን! ውይ አባቴን!» ብሎ ቫኑን ተደግፎ ተንሸራተተ፣ ገና አሁን እንደሰማ። ለካ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላለቀሰም፤ በየማታው ስልክ ላይ ድምፁን እንዳላውቅበት እንባውን ይዞት ነበር የኖረው። ሰርፊንግ ሰሌዳ የጫኑ ወጣቶች ዞረው አዩን፣ አንዲት ሴት «ደህና ናችሁ?» አለችን በእንግሊዝኛ። ደህና ነን አልኳት። አጠገቡ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ ራሱን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፤ የሚያጽናናኝ ሰው ፍለጋ ስድሳ ማይል መጥቼ አጽናኝ ሆኜ አረፍኩት። ውሃ አጠጣሁት። ንዴቴ ግን ከአጠገቤ አልሄደም።

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«ሥራሽን እንዳታጪ... ደግሞ ጋሼ ሀቢብ እሳት ፊት ለቆመ ሰው መርዶ አይነገርም አሉ። ትደነግጥና ዘላ ትገባበታለች አሉ። እኔ ስለ እሳት ምን አውቃለሁ?»

«ጠይቆኝ ነበር?»

የውሃውን ክዳን መክደን ጀመረ።

«ሱሀይል፣ ጠይቆኝ ነበር ወይ?»

«በየሰዓቱ» አለ። «ኸውላ መጣች ወይ ይላል። መንገድ ላይ ናት እለዋለሁ። አራት ቀን መንገድ ላይ ናት አልኩት።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። እኔ ለአንዲት ደቂቃ ደስ አለኝ፤ ጠይቆኛል፣ ፈልጎኛል። ሱሀይል ግን አልጨረሰም። «እሑድ ማታ ሐኪሙ አይነጋለትም አለን። እየጠበቀሽ እንዳይሄድ ብለን ነው፣ በአላህ ለክፋት አይደለም... ኢሕሳንን አንቺ ናት አልነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። አባቴ አያይም፣ የኦክስጅኑ ማሽን ይጮሃል፣ ድምፅ አይለይም። እጇን አስያዙት። ኸውላ መጣች አሉት። ቀኑን ሙሉ ኢሕሳን ፊቴን ለምን እንዳላየች ያን ጊዜ ገባኝ።

«ምን አላት?»

«ተይው ኸውላ።»

«ምን አላት አልኩህ!»

«እጇን ዳበሰው። መዳፏን፣ ጣቷን አንድ በአንድ። ‹እጅሽ ለሰለሰ› አላት። ‹ሥራውን ተውሽው እንዴ?› አላት።» ሱሀይል እያየኝ አይደለም። «ኢሕሳን ደነገጠች። ሐሳብ ይዞ እንዳይሄድ ብላ፣ ደስ ይበለው ብላ፣ ‹አዎ አባባ፣ ተውኩት› አለችው።»

«ከዚያስ?»

«‹ማን አስተወሽ?› አላት። ሁለቴ ጠየቃት። ከዚያ እጁን ከእጇ አወጣና ወደ ግድግዳው ዞረ። ሌላ ቃል አልተናገረም።»

እጄን አየሁት። የአሥራ አራት ቀን አመድ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ በሳሙና አልወጣ ያለ፣ ሞረድ የመሰለ እጅ። ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነበር ይህ እጅ። በአርባ ደቂቃ ከተራራው ይወርድ ነበር። አባቴ ይህን እጅ ሊይዝ አራት ቀን ጠብቆ፣ በሰው እጅ አታለውት፣ ልጁ የሚኮራበትን ሥራ እንደተወች ተነግሮት፣ አኩርፎኝ ሞተ። በእኔ አዝኖ ሞተ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር፣ ቢረግመኝ ይሻል ነበር፤ እርግማን እንኳ ለእኔ ነው የሚሰጠው፣ ይህ ግን ለእኔ የመጣ ሆኖ ከሌላ ሰው እጅ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ሱሀይል ሊያቅፈኝ እጁን ሲዘረጋ ገፋሁት።

ስልኩ ቫኑ ወንበር ላይ ጮኸ። ጋሼ ሀቢብ ናቸው። ሱሀይል ሳይደርስ አነሳሁት።

«ሱሀይል፣ የት ደረሳችሁ?» አሉ ጋሼ ሀቢብ፣ ዝግ ባለው የትልቅ ሰው ድምፃቸው። «ፋጡ ነገረችኝ። አደራህን፣ እንዳያመልጥህ። ዙሩና ራት አብልታችሁ አስተኟት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንመጣለን፣ ሰው ሁሉ ተነግሮታል።»

«ጋሼ ሀቢብ፣ ኸውላ ነኝ» አልኳቸው።

«ኸውላ? ልጄ...» አሉ።

«እኔ ሰምቻለሁ፣ ነገ አትድከሙ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ እርስዎ በዚህ ነገር ዐዋቂ ነዎት። እኔ ሥራዬን አልተውኩም። ይህን ለአባባ ማን ይንገርልኝ?»

የሱቁ በር ሲከፈትና ሲዘጋ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል፤ አንድ ሰው በርበሬ ጠየቀ፣ ተመዘነለት፣ ሄደ። ጋሼ ሀቢብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሱን እንግዲህ» አሉ፣ «ነገ ሰው ሲሰበሰብ እንመካከርበታለን።»